«ልምድ ይቅሰሙ» የሚለው ሰበብ ይብቃ

ሰሞኑን በአንድ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ጉባኤ ላይ አንድ አንጋፋ ዲፕሎማት የተናገሩት ነገር ከራሴ አልወጣ ብሏል። «ወጣቶች ስሜትና ጉልበት አላቸው። የዓለምን ችግር ለመፍታት ግን መጀመሪያ ልምድ ይቅሰሙ» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ይባስ ብሎ አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ጭብጨባ ነው።

የምን ልምድ? መንግሥታት ሪዮ ዲ ጄኔሮ ላይ የአየር ንብረት ስምምነቱን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የበካይ ጋዝ ልቀቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ይህን ሁሉ ዓመት ወንበሩን ይዘው የቆዩት እኮ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው!

ወጣቶቹ ምን ሠሩ ለሚል ደግሞ መልሱ ሩቅ አይደለም። በ2019 በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አነሱ። አገራት በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ምን ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ይንገረን አሉ። አገራቸውን ባሕር ሊውጠው ነው፤ ልምድ እስኪቀስሙ የሚጠብቃቸው ማዕበል የለም። ለፓስፊክ ደሴት አገራት መሪዎች ደብዳቤ ጻፉ። ከእነዚህ አገራት አንዷ ቫኑዋቱ ሰማቻቸው። ከዚያ የየአገሩን በር ማንኳኳት ሆነ። በመጋቢት 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ያለ ተቃውሞ ወደ ፍርድ ቤቱ መራው። በሐምሌ 2025 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ መለሱ፦ አገራት የአየር ንብረቱን ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ ግዴታውን የጣሰ አገር ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። «የምክር አስተያየት ነው፣ አያስገድድም» የሚሉ አይጠፉም። አዎ፣ አያስገድድም። ግን ይህንን እንኳን ማን አመጣው? አንጋፋዎቹ በ30 ዓመት ድርድር ያላገኙትን መልስ ተማሪዎች በ6 ዓመት አስገኙ።

ዛሬም ግን ወጣት የሚፈለገው ለፎቶ ነው። ለፎቶም ቢሆን ሁሉም አይፈለግም። በጥር 2020 የዓለም ኢኮኖሚ ጉባኤ በሚካሄድባት ዳቮስ ላይ ኡጋንዳዊቷ የአየር ንብረት ተሟጋች ቫኔሳ ናካቴ ከአራት ነጭ ወጣቶች ጋር ቆማ ፎቶ ተነሳች። አሶሺየትድ ፕሬስ ፎቶውን ሲያሰራጭ እሷ ተቆርጣ ወጥታለች። በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ተቆርጣ የወጣችው ግን ከአምስቱ አፍሪካዊቷ ብቻ ነበረች።

ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ከ30 በታች ነው። የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት በ2023 ባወጣው መረጃ መሠረት ግን ከምክር ቤት አባላት ውስጥ 30 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑት 2.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ድምፅ የማይሰጥበት መድረክ ላይ ወጣት ሰብስቦ «የነገ መሪዎች» ማለት ማታለል ነው።

የጉባኤ አዘጋጆች የወጣቶችን መድረክ ከዋናው አዳራሽ ጎን መትከላቸውን ይተዉ። ውሳኔ የሚጻፍበት ክፍል ውስጥ መቀመጫ ይስጧቸው፤ በጀቱ ላይም ድምፅ ይኑራቸው። ዲፕሎማቱም ልምዳቸውን ማካፈል ከፈለጉ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጠው ያካፍሉ።