የደረቀውን ማን ይቁጠር?

ሰሞኑን ደሴ ላይ ስለ ክረምቱ ችግኝ ተከላ በተደረገ ውይይት፣ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ከባድ ያልሆነ ጥያቄ አነሱ፤ አምና የተከልነውን ራሳችን እንቁጠር፣ የተገኘውንም ለሕዝብ እንንገር አሉ። ከመድረኩ የተመለሰላቸው የእናንተ ድርሻ መትከል ነው፣ ቆጠራው የባለሙያ ነው የሚል ነበር። በዚህ ቢበቃ ለምደነዋልና ያልፍ ነበር። ኃላፊው ግን ምክር ጨመሩበት። ኬንያዊቷን ዋንጋሪ ማታይን ምሳሌ አድርጉ፣ ፖለቲካ ውስጥ ሳይገቡ ዝም ብለው ዛፍ ተክለው ነው ኖቤል የተሸለሙት አሉ። ተጨበጨበላቸውም።

ከሰው ሁሉ መርጠው ዋንጋሪን!

እ.ኤ.አ. በ1989 የዳንኤል አራፕ ሞይ መንግሥት ናይሮቢ መሐል ባለው ኡሁሩ ፓርክ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊያቆም ሲነሳ፣ ደብዳቤ እየጻፉ አገር ያነቃነቁት ማን ነበሩ? በፓርላማ ተሰደቡ፣ ድርጅታቸው ከቢሮው እንዲወጣ ተደረገ፤ ሕንፃው ግን ሳይሠራ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች እዚያው ፓርክ የረሃብ አድማ ሲመቱ አብረው ተቀምጠው፣ በፖሊስ ተደብድበው ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። እ.ኤ.አ. በጥር 1999 የካሩራ ደን ለቤት ሠሪ ተሸንሽኖ እንዳይሰጥ ችግኝ ይዘው በሄዱበት ጭንቅላታቸውን ተፈነከቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ። ፓርላማ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው፣ ቅሬ (የሰፈር እድር)? የኖቤል ኮሚቴውም እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሸልማቸው ለዘላቂ ልማት፣ ለዴሞክራሲና ለሰላም ላደረጉት አስተዋፅኦ ብሎ ነው። ዝምታ የሚል ቃል የለበትም።

ይህን ያህል ስለ ፖለቲካው። እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው፤ ምሳሌ ተደርገው የተጠቀሱት ዋንጋሪ የመሠረቱት ንቅናቄ የቆመው በትክክል በተከለከለው ነገር፣ በቆጠራ ላይ መሆኑ ነው።

የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ መነሻው ሰባት ችግኝ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1977 በኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ስም ናይሮቢ ካሙኩንጂ ሜዳ ላይ ተተከሉ፤ አምስቱ ሞቱ፣ ሁለቱ ጸደቁ። ይህን የምናውቀው ዋንጋሪ ራሳቸው ስለነገሩን ነው። የእኛ ሪፖርት ቢሆን ሰባት ተተከለ ተብሎ ይዘጋ ነበር። ቀጥሎ ሥራው ወደ ገጠር ሴቶች ወረደ። የደን ባለሙያዎቹ ያልተማረች ሴት ችግኝ ማፍላት አትችልም ብለው ነበር፤ ሴቶቹ ዘሩን ከየአካባቢያቸው ለቅመው፣ ባገኙት ቆርቆሮና ስባሪ ሸክላ እያፈሉ አሳዩዋቸው። ክፍያው ደግሞ ትንሽ፣ ጥቂት ሳንቲም ነበር። ግን የሚከፈለው ለተተከለ ሳይሆን ለጸደቀ ችግኝ ነው። ጠቅላላ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ክፍያው ከጽድቀት ጋር ከተያያዘ ፍየል የሚያባርር ሰው አይታጣም፣ በበጋ ውኃ የሚሸከምም አይጠፋም፤ ቆጣሪም የግድ ቦታው ድረስ መሄድ አለበት።

ወሎ የዚህን ተቃራኒ ሞክሮ አይቶታል። ከ1977ቱ ረሃብ በፊትም በኋላም በምግብ ለሥራ ተራራው ሁሉ እርከን ተሠራለት፣ ችግኝ ተተከለበት። ክፍያው ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ስንዴው ነፍስ አድኗል፣ ያንን የሚክድ የለም። ነገር ግን የተከፈለው ለቀን ነው፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ተቆጠረ፣ የሞላ ተቆጠረ፣ መዝገብ ተዘጋ። ዛፉ የማን እንደሆነ ገበሬው ሲጠይቅ መልሱ የመንግሥት ሆነ፤ ከብቱ ከተከለለው ተራራ ተባረረ፣ ሣሩም ተከለከለበት። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ምን ተደረገ? መጥረቢያ ወጣ። በየቦታው የመንግሥት የተባለው ደን ሲጨፈጨፍ፣ የየቤተ ክርስቲያኑ አጸድና የየመስጊዱ ጥግ ዛፍ ግን ቆሞ ቀረ። ሕዝቡ ዛፍ ጠልቶ አይደለም፤ ያልቆጠረውን፣ የእኔ ያላለውን ነው የቆረጠው።

አሁንም ያው መዝገብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ የተነገረበትን ዕለት ሁሉም ያስታውሳል። የዚያ ተከላ ቆጠራ በስንት ቀን እንደተደረገ የሚያስታውስ አንድ ሰው አምጡልኝ።

ቆጠራ የባለሙያ ነው ለሚሉት፣ ሙሉ መሣሪያው ይኸው፦ 5 ሜትር ከ64 ሳንቲሜትር ገመድ፣ አንድ ችካል፣ ደብተርና እስክርቢቶ። ችካሉን ቸክሎ ገመዱን ወጥሮ አንድ ዙር መዞር ነው፤ የተዞረው ክብ 100 ካሬ ሜትር ይሆናል። ተከላው 2 ሜትር በ2 ሜትር ከሆነ በሄክታር 2,500፣ በክቡ ውስጥ 25 ጉድጓድ ይኖራል። በሕይወት ያለው 14 ከሆነ 56 በመቶ ነው፣ አለቀ። ዳገት ላይ ገመዱ መሬቱን ተከትሎ አይተኛም፣ አግድም ይወጠራል፤ አለዚያ ክቡ ይጠብና ቁጥሩ ይዛባል። ለአንድ ተራራ ቢያንስ 10 ክብ ያስፈልጋል፣ ከግርጌ እስከ አናት በእኩል ርቀት። ከመኪና ሳይወርዱ መንገድ ዳር ያለውን ብቻ የቆጠረ ሰው የቆጠረው ለእንግዳ የተዘጋጀውን ነው።

ቅጠሉ የረገፈ ሁሉ ሙት አይደለም። ግንዱን በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ከልጡ ሥር አረንጓዴ እርጥበት ካለ ነፍስ አለው፤ ቡናማ ከሆነ ወደ ሥሩ ወረድ ብሎ እንደገና መጫር ነው። በእርግጥ የሞተውን ደግሞ ይንቀሉት። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። የፈላበት ላስቲክ ሳይቀደድ አብሮት የተቀበረ ችግኝ እንደ ካልሲ ተመዝዞ ይወጣል። ችግኝ ጣቢያ ብዙ የቆየው ሥሩ ላስቲኩ ሥር ተጠቅልሎ ጎጆ ሠርቷል፤ ከመተከሉ በፊት የታችኛው ጫፍ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቢቆረጥ ይድን ነበር። አንገቱ ድረስ የተቀበረው ልጡ በስብሷል። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲሜትር መሆን ሲገባው ለካሜራ ተብሎ በአንድ ዶማ ምት የተከፈተ ከሆነ ሥሩ ደረቁን አፈር ነክቶ ቆሟል። ፍየል የበላው አናቱ ተቀንጥሷል፤ ቃሉ ቆላ ላይ ምስጥ የጨረሰው አፈር ለብሷል፤ ጦሳ ተራራ ላይ ውርጭ የመታው ጫፉ ጠቁሯል። እያንዳንዱ መድኃኒቱ የተለያየ ነው። ሳይቆጠር የትኛው እንደገደለው አይታወቅም፣ በዓመቱም ያው ስህተት በአዲስ ችግኝ ይደገማል። መተኪያ ተከላ ተብሎ ደግሞ አንዱ ጉድጓድ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሲተከልበት፣ ሪፖርቱ ላይ ሦስት ዛፍ ይሆናል!

አዎ፣ ባለሙያዎቹ ይቆጥራሉ። መቼ? ብዙውን ጊዜ መስከረም ላይ፣ ምድሩ ገና እንደረጠበ። በመስከረም ያልለመለመ ምን አለ? ችግኝ የሚፈተነው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራትና በልግ ሳይጥል ሲቀር ነው። ስለዚህ አንድ ቆጠራ ዝናቡ እንደወጣ ለመነሻ፣ ሌላው ግንቦት መጨረሻ ላይ ለፍርድ ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ቁጥር የሚያወጣ ጠፍቶ ነው ሁሉም ወረዳ ዘጠና በመቶ ጸደቀ ብሎ የሚደፍነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፤ ቆጠራ እግር ይፈጃል፣ የወሎ ተራራ ደግሞ ለእግር አይራራም። ታዲያ እግሩ ያላቸው፣ አበል ያልጠየቁ ወጣቶች ናቸው እኮ እንቁጠር ያሉት። ሰፈሩን የሚያውቀው ቅሬም አለ። የሞተበትን፣ ያዋጣውንና የቀረውን ለይቶ የሚመዘግብ ቅሬ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለ ተራራ ላይ 25 ጉድጓድ መቁጠር ያቅተዋል ማለት ስድብ ነው። በጸደቀ ልክ ሣር ማጨድ ይፈቀድለት፣ ከበጀቱም በጸደቀ ልክ ለቅሬው ሣጥን ይግባ፤ ከዚያ ጠባቂ መቅጠር ያስፈልግ እንደሆነ እናያለን።

ገመድ ደሴ ገበያ ሞልቷል። ወጣቶቹ ዘንድሮ ችግኝ ተሸክመው ከመውጣታቸው በፊት አምና በተተከለበት ላይ 10 ክብ ይዙሩና ቁጥሩን ቀበሌው በር ላይ ይለጥፉ። ፈቃድ ያስፈልጋል ከተባለም፣ ፈቃዱ ለገመዱ ይሁን ለችካሉ ከመድረኩ አልተነገረም።