ጎሽ፣ የጀማው አርበኛ!

በሰሜን ሸዋ ያልተመሰገነ ሙያ ቢኖር የወንዝ ዓሣ አጥማጅነት ነው። ሯጭ ሲያሸንፍ ባንዲራ ይውለበለባል። አዝማሪ ሲያዜም ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፋል። አንድ ጥልቅ ኩሬ ሙሉ ዓሣ በአንድ ጠዋት ድራሹን አጥፍቶ የሚመለስ ሰው ግን እስከ ዛሬ አንዲት የምስክር ወረቀት እንኳ አልተሰጠውም። ይህ ግፍ ነው። ዛሬ በአቅሜ ልክሰው።

ጀግናችንን ታውቁታላችሁ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ብዙ ነው። ከለሚ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ በሚያሻግረው መንገድ፣ የጀማ ወንዝ ድልድይ ግርጌ ታገኙታላችሁ። ወንጪት ወንዝ ላይም አይጠፋም። ትጥቁ ቀላል ነው። በማዳበሪያ ከረጢት የተወቀጠ ብርብራ፣ ለወባ መከላከያ ተብሎ የታደለ አጎበር፣ ሁለት ሦስት ጓደኛ፣ ንጹሕ ሕሊና። መንጠቆ አይዝም። መንጠቆ አንድ በአንድ ነው፤ ጀግና ደግሞ በጅምላ እንጂ በችርቻሮ አይሠራም።

እስቲ ጥበቡን እናድንቅ። ብርብራ አገር በቀል ዛፍ ነው። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃው ላይ ይበተናል። ውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባለው መርዝ በዓሣው ስንጥብ (በመተንፈሻው) በኩል ይገባና ሰውነቱ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ዓሣው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይታፈናል። ይሰክራል፣ ይዞራል፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ያኔ ጀግናችን ሱሪውን ሰብስቦ ይገባና ይለቅማል። አምባዛው፣ ቢልጫው፣ እናቱ፣ ልጁ፣ ገና ዓይኑን የገለጠው ጫጩት ሳይቀር። ጫጩቱ ለምጣድ አይሆንም። ግን መድልዎ ነውር ነው፤ እኩል ይሙት።

እንዶድ የሚጨምርም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አድዋ ላይ አስተውለው፣ ለበሽታው መከላከያ መንገድ ስለጠቆሙ ዓለም አጨበጨበላቸው። የኛ ሰው በዚያው ተክል ዓሣ ሲጨርስ ማን አጨበጨበ? የሳይንስ አድልዎ ማለት ይህ ነው።

ፎካሪ ስለጠፋ እኔው ልፎክርለት፦

ሌሊቱን ሲያቅራራ ብርብራ ወቅጦ፣
ጫጩቷን ማረካት ወንዝ ዳር ተቀምጦ።

ዘራፍ!

የጀግናችን ልክ የሚታወቀው ግን ከሌሎች ጋር ሲወዳደር ነው። በዚህ ዓለም ላይ ጊዜያቸውን የሚያባክኑ አጥማጆች አሉ። ትራውት የሚባል ዓሣ ያሳድዳሉ። ትራውት ሞልቃቃ ነው። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ አየር የጠገበ ወራጅ ውሃ ካላገኘ አይኖርም። እኛም አገር አለ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ውስጥ፣ ዌብ ወንዝና ገባሮቹ ላይ ተለቀቀ። ዲንሾ አካባቢ እሱን ብሎ የሚሄድ እንግዳ አለ።

ይህን ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ማታ ቁጭ ብሎ መንጠቆ ላይ ላባ ይጠመጥማል። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ! እኛ ዶሮውን ወጥ ሠርተን ላባውን እንጥላለን፤ እሱ ላባውን መንጠቆ ያለብሳል። ዓላማው መንጠቆው የውሃ ዝንብ እንዲመስል ነው። ድንጋይ ሥር በትል መልክ አድገው፣ ክንፍ አውጥተው፣ ለአጭር ጊዜ በርረው የሚሞቱ ትናንሽ ነፍሳት አሉ። የዓሣው ምግብ እነሱ ናቸው። አጥማጁ ድንጋይ እየገለበጠ መልካቸውን ያጠናል። የትኛው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚፈላ በደብተር የሚጽፍም አለ። የኛ ጀግና ይህን ሁሉ ጥናት በአንድ እፍኝ ብርብራ ዘግቶታል። መርዙ ዓሣውንም ነፍሳቱንም አይምርም። በዪውንም ተበዪውንም አንድ ላይ።

አወራወሩም ትዕግሥት ያስጨርሳል። የላባዋ ዝንብ ክብደት ስለሌላት የሚወረወረው ገመዱ ነው። ዘንጉን ወደ ኋላ፤ ቆም፤ ከዚያ ወደ ፊት። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ እንደሚያጮኸው የደብረ ብርሃን ልጅ ማለት ነው። ልዩነቱ የዚህኛው ገመድ መጮህ የለበትም። ጮኸ ማለት ዝንቧ ተበጥሳ ሄደች ማለት ነው። ሰውዬው እንዲህ ሲል ውሎ አንድ ዓሣ ይይዛል። አንድ!

ከዚያ ምን ያደርጋል? ይለቀዋል።

አልተሳሳትኩም፤ ይለቀዋል። መጀመሪያ እጁን ውሃ ነክሮ ያርሳል። በደረቅ እጅ ከተያዘ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋግ ይገፈፋል ብሎ። መንጠቆው ሥጋ እንዳይቦጭቅ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ አስቀድሞ በጉጠት ጨፍልቋታል። ዓሣውን ከውሃ ብዙ አያወጣውም። ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ጉልበቱ እስኪመለስ ደግፎት ይቆያል፣ ከዚያ ያሰናብተዋል። የውሃው ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ጭራሽ አያጠምድም። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ታግሎ የደከመ ትራውት ቢለቀቅም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ዘንጉን ጠቅልሎ ቤቱ ይገባል። ለዓሣ ብሎ! እናቱ ብታየው ጠበል ትወስደው ነበር።

በዚህ ላይ ይሉኝታው። ወንዙ የሕዝብ ነው። ግን አንድ ሰው ቀድሞ ከቆመ ያ ቦታ ለዚያ ሰዓት የሱ ነው። ኋላ የመጣው ራቅ ብሎ በዳር ያልፋል። ጥላው ውሃው ላይ አርፎ ዓሣውን እንዳያስደነግጥ እንኳ ይጠነቀቃል። «ወደ ላይ ነህ ወደ ታች?» ብሎ ይጠይቅና እሱ በሌላው አቅጣጫ ይሄዳል።

ይህ የብቸኞች ኑሮ ነው። እኛ ጋ ማኅበራዊ ሕይወት አለ። አንድ ልጅ ጀማ ዳር ክርና መንጠቆ ይዞ ለብቻው ይቀመጥና አንድ ቢልጫ ቢያወጣ፣ «ያዘ! ያዘ!» የሚል ጩኸት ሸለቆውን ይሞላል። ከየት መጡ የማይባሉ ሰዎች ተንደርድረው እሱ ክር ላይ ክር ይጥላሉ። አንዱ ድንጋይ ይወረውራል። አንዱ ልብሱን አውልቆ ዋና ይገባል። አንዱ የሞተር ሳይክሉን ጭቃ እዚያው ያጥባል። ልጁ ተነሥቶ ሲሄድ «ምነው፣ አኮረፍክ እንዴ?» ይባላል። ይህን የመሰለ ቀረቤታ ባሌ ሄዶ አይገኝም።

እስቲ ደግሞ እናስብ። አንድ ከባሌ የተመለሰ ወጣት የላባ ዝንቡን ይዞ ጀማ ወረደ እንበል። ዓሣ ያዘ፣ አየው፣ ለቀቀው። ጀግናችን ከወዲያ ማዶ አየ።

«አንተ ልጅ፣ በሽታ አለበት እንዴ?»

«የለበትም ጋሼ። ትንሽ ናት፣ ትደግ ብዬ ነው።»

«ስታድግ አንተን ፈልጋ ትመጣለች?»

«እኔን ባይሆን ሌላ ሰው ያገኛታል።»

«እሱን ነው የምልህ! ሌላ ሰው ከሚያገኛት እኔ ብገላግላትስ?»

ልብ በሉ። የጀግናችን ፍልስፍና በሙሉ እዚህች ላይ ነው። «እኔ ካልወሰድኩት ሌላ ይወስደዋል።» በዚህ ቃል ስንቱ ደን ተመነጠረ፣ ስንቱ ተራ ተጣሰ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ሥልጣን ላይ ያሉት ብቻ የሚሠሩበት ይመስለን ነበር። እነሆ ወንዝ ድረስ ወርዷል። ሕገ መንግሥቱም ይደግፈዋል። አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ጀግናችን አንቀጹን በራሱ መንገድ ተርጉሞታል፦ የሕዝብ ነው፤ እኔ ሕዝብ ነኝ፤ ስለዚህ የኔ ነው። ሌላው ሕዝብ የት ሄደ? ዘግይቶ ተነሣ።

በነገራችን ላይ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ የሚባል አለ። ቁጥር 315/1995። በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል። ጀግናችን ይህን አዋጅ አያውቅም። አዋጁም እሱን አያውቀውም። ተከባብረው ይኖራሉ።

አንዳንድ ነገር ግራ የሚያጋቡ ሰዎች ግን እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነበሩ። መንዝ ውስጥ ጓሳን ተመልከቱ። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ያን ሁሉ ተራራ ሲጠብቅ ኖረ። አለቃ ይመረጣል፣ ሣሩ ይዘጋል። ለአንድ ወር እንዳይመስላችሁ። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ቢሆንም ቀን እስኪቆረጥ ማጭድ ይዞ የሚገባ የለም፤ የገባ ይቀጣል። ቀኑ ሲደርስ ሁሉም እኩል ያጭዳል። ሥርዓቱ ደርግ መሬት ሲያውጅ ፈረሰ፤ በኋላ ኅብረተሰቡ ሌላ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም ጓሳ ላይ የሚታዩት ለዚህ ነው።

የመስኖውም እንዲሁ ነው። የውሃ አባት አለ፣ ተራ አለ። የሰው ተራ ላይ ሌሊት ቦይ የሰበረ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ ይሸማቀቃል።

እንግዲህ የነዚያ ሰዎች ልጅ ነው ወንዝ ዳር ሲደርስ ከአባቶቹ ኋላቀርነት ነፃ የወጣው። ለሣር አምስት ዓመት የታገሠ አገር፣ ለዓሣ አምስት ደቂቃ አይታገሥም። ይህ እድገት ካልሆነ ምን ይባላል? ሣሩ አይሸሽም፤ ዓሣው ሊሸሽ ይችላል። ደግሞ ሣርን ቢዘጉት ይታያል፣ ሲያድግ ያስጎመጃል። ውሃ ውስጥ ያለውን ማን ያየዋል? ያልታየ ነገር ሲያልቅም አይታይም።

ጀግናችን የወቅት ዕውቀቱም ቀላል አይደለም። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ቢልጫ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይወጣል። ጀግናችን መግቢያው ላይ አጎበሩን ወጥሮ ይጠብቀዋል። እንግዳ በር ላይ ይቀበሉታል እንጂ ማጀት ድረስ አያስገቡትም። በበጋ ደግሞ ወንዙ ይቀጥንና ዓሣው ሁሉ በቀሩት ጥልቅ ቦታዎች ይጠራቀማል። ያኔ ሁዳዴ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ባይዘጋም ገበያው ደርቷል። ጀግናችን ከሥጋና ከወተት ተቆጥቦ፣ በየዋህ መንፈስ፣ ብርብራውን ይዞ ይወርዳል።

ሥራው ሲያልቅ ወንዙን እንዲሁ ጥሎት አይሄድም። ማስታወሻ ይተዋል። የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የሲጋራ ፓኮ፣ ገራባ። ያቺን ውሃ ከታች ከብት ይጠጣታል፣ ሰው ይቀዳታል። ይህ ዝርዝር ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ የሚሰጥ የጀማ አርበኛ ሽልማት እንዲቋቋም ሐሳብ አቀርባለሁ። መመዘኛው ግልጽ ነው። ብዙ የያዘ አይደለም የሚሸለመው፤ ምንም ያላስቀረ ነው። ዳኞቹ ከውድድሩ በኋላ ኩሬውን ይፈትሻሉ። አንድ ጫጩት እንኳ ሲዋኝ ከተገኘ ተወዳዳሪው ውጭ። የላባ ዝንብ ይዞ የመጣ በክብር ይሸኛል፤ ይህ የወንዶች ውድድር ነው። ደረጃው ከፍ እያለ ሲሄድ ፈንጂ ይፈቀድ ወይ የሚለውን ኮሚቴው ያየዋል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ደግሞ ሕዝብ ስለሚያስፈራ ለጊዜው ይታገድ።

አንድ ችግር ብቻ ይታየኛል። የሁለተኛው ዓመት ውድድር ላይ ዓሣ ከየት እንደሚመጣ። ግን እሱን ጀግናችን ራሱ ቀድሞ መፍትሔ አግኝቶለታል። ዓሣ ሲያምረው ደብረ ብርሃን ይወጣል። ብርዱን ተከናንቦ አንድ ሆቴል ይገባል። ከዝዋይ ወይ ከአርባ ምንጭ በበረዶ ተጭኖ የመጣ ጥብስ ያዝዛል። ሒሳቡ ሲመጣ ከወንበሩ ይነሣል።

«ይሄ ነው የአንድ ዓሣ ዋጋ? እናንተ ሌቦች ናችሁ! እኛ እኮ ጀማ ላይ በማዳበሪያ ነበር የምንጭነው!»

አስተናጋጇ ልጅ ጨዋ ናት። ሳህኑን እያነሣች ትጠይቀዋለች።

«ታዲያ ጋሼ፣ ከዚያው ለምን አያመጡልንም?»