ስምን ማስገደድ ተሳዳቢን አያርምም

በማኅበራዊ ሚዲያ ስድብና ማስፈራሪያ በበረታ ቁጥር «ማንም ሰው በእውነተኛ ስሙና በመታወቂያው ይግባ» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ማንነቱን በማያውቀው ሰው ለወራት ሲዘለፍ የቆየ ሰው ዘላፊው ተሸሽጎ መቅረቱ ቢያንገበግበው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ይህ መፍትሔ ተሞክሮ አልሠመረም።

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጎብኚ ያላቸው ድረ ገጾች የጸሐፊዎቻቸውን ማንነት እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። ማንነት የሚያረጋግጥ ሁሉ የማንነት መዝገብ ያከማቻል፤ መዝገብ ባለበት ደግሞ ሌባ አይጠፋም። በ2011 ከሁለት ታዋቂ ድረ ገጾች የ35 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች የግል መረጃ ተሰረቀ። በማግስቱ ዓመት የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው፤ ሕገ ወጥ ጽሑፎች ትርጉም ባለው መጠን እንዳልቀነሱ፣ ተጠቃሚዎችም ወደ ውጭ አገር ድረ ገጾች መሸሻቸውን በምክንያትነት ጠቅሷል። (ፌስቡክም ተጠቃሚው በሚታወቅበት ስም እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ በገዛ ስሙና በገዛ ፎቶግራፉ የሚሳደብ ሰው ግን እዚያ ብርቅ አይደለም።)

ግዴታው የሚጎዳው ሌላውን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ምዝበራ የሚያጋልጥ ሠራተኛ፣ ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ምክር የምትጠይቅ ሴት፣ ለቅርብ ዘመዱ እንኳ ያልነገረውን ሕመም ከመሰል ሕሙማን ጋር የሚወያይ ሰው፣ ስማቸውን እንዲገልጡ ከተገደዱ የሚመርጡት ዝምታን ነው።

ስምን መሸሸግ ከተጠያቂነት ማምለጥ ተደርጎ መወሰዱም ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ የብዕር ስም ቢይዝም የስልክ ቁጥሩንና የገባበትን የኢንተርኔት አድራሻ ለድርጅቱ ትቶ ያልፋል። የግድያ ዛቻ የጻፈን ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከታትሎ ማግኘት በብዙ ሁኔታ ይቻላል፤ የሚጎድለው አቤቱታውን ተቀብሎ በጊዜው የሚመረምር አካል ነው። በመቶ የሐሰት አካውንት አንድን ሰው የሚያስወርር ግለሰብ ግን በእኔ እምነት ከለላ አይገባውም፤ እርሱንም ቢሆን ድርጅቶቹ ስሙን ሳይጠይቁ ከአካውንቶቹ አካሄድ ለይተው ሊያግዱት ይችላሉ።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ሊደነግጉ የሚገባቸው የጸሐፊን ማንነት ማን፣ በምን ዓይነት ወንጀልና በየትኛው ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያስገልጥ እንደሚችል፣ ድርጅቶቹም የያዙትን መረጃ በስንት ጊዜ ውስጥ ማጥፋት እንዳለባቸው ነው።