14 ቅጂ

በቢሯችን ያለው ፕሪንተር አንድ ነው፤ እርሱም ከጸሐፊያችን ኮምፒውተር ጋር ተጋብቶ ይኖራል። ሌሎቻችን ማተም ስንፈልግ ፍላሻችንን ይዘን ደጅ እንጠናለን። ጸሐፊዋ ፍላሹን ይቀበሉና «ልጄ፣ ይህ ቫይረስ አለበት» ብለው ይገስጻሉ፣ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፣ ከዚያ ያትማሉ። የቢሮው ምስጢር ሁሉ እርሳቸው ዘንድ የሚገኘው በዚህ የተነሣ ነው።

ሥራ አስኪያጁ «በኔትወርክ ይገናኝ» ብለው አዘዙ። የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፣ የዲዛይነሩ ማክ፣ የእኔ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ። ነጻ ነው፣ ቫይረስም አይደፍረውም እያልኩ ሁለት ዓመት ተመጻድቄበታለሁ።

የአይቲው ልጅ ለሽምግልና ተጠራ። ማኩን በሩብ ሰዓት አስታረቀ። እኔ ጋ ሲደርስ «ሳምባህን ልየው» አለኝ። ሳል ይዞኝ ስለነበር ያዘነልኝ መሰለኝ። ሳምባ ለካ ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም ነው። የሠራው አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል ስሙን ያገኘው የዊንዶውስ መነጋገሪያ ደንብ የሚጠራባቸው ኤስ፣ ኤምና ቢ የተባሉት ፊደላት በቅደም ተከተል ያሉባቸውን ቃላት በኮምፒውተር አስፈልጎ ነው። አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ደንግጦ ይተወው ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ 40 ገጽ በላ። በመቶኛ ምልክትና በቃለ አጋኖ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥርና ቅንፍ ብቻ። ጸሐፊዋ አንዱን ገጽ አንስተው አዩና «የደብተራ ድግምት ነው» ብለው በሁለት ጣት መለሱት። ልጁ ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ተሳስቶ መርጦ ኖሯል፤ የእኔ ኮምፒውተር በፖስትስክሪፕት ይናገራል፣ ፕሪንተሩ ቋንቋውን ስለማያውቅ ያልገባውን ቃል በቃል ጻፈው። ቃለ ጉባኤ የሚይዝልን ባልደረባችንም እንዲሁ ነው።

ሁለት ቀን በሰላም አተምን። በሦስተኛው መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ለጸሐፊዋ ኮምፒውተር ሌላ አድራሻ ሰጠው፤ የእኔው ግን የድሮውን በር ያንኳኳል። በዚያው ቀን የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ ነበር፤ «ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተግባብቶ መሥራት ስላልተቻለ» የምትል ሐረግ አለችበት። አትም አልኩት፣ ዝም። ደገምኩ፣ ዝም። በንዴት 14 ጊዜ ከጫንኩት በኋላ ምሳ ወጣሁ።

ልጁ በሌለሁበት መጥቶ ቋሚ አድራሻ ሰጠና ወረፋውን ከፈተ። ወረፋ ላይ የቆመ ሥራ እንደ ቀበሌ ባለጉዳይ ነው፤ መስኮቱ እስኪከፈት ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ፕሪንተሩ አጠገብ ቆመዋል። ማሽኑ የመጨረሻዋን ገጽ እስኪተፋ ጠበቁ፣ ገና ያልበረደውን ክምር ጠረጴዛው ላይ አንኳኩተው ጠርዙን አስተካከሉና ሰጡኝ። ከላይ ያለችውን አስቀርተዋል።

«ለእኔ አንዱ ቅጂ ይበቃኛል» አሉ።