የጓሮው ልዑል እና የሣሩ ላይ ጃንጥላ

ነገሩ የተጀመረው በመኪና መግቢያ ነው። በምኖርባት በሲድኒ ከተማ፣ ከወደቡ በስተሰሜን በሚገኘው በሞስማን ሰፈር፣ ፖል ዴልፕራት የተባለ ሠዓሊ በ1993 ወደ ቤቱ የሚያደርስ የመኪና መግቢያ ለመሥራት ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤት አመለከተ (ዓ.ም. ካላልሁባቸው በቀር ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ)። መግቢያው የሚያልፍበት መሬት በካርታ ላይ መንገድ ተብሎ የተሠመረ፣ ነገር ግን ሳይሠራ የቀረ የማዘጋጃ ቤቱ ይዞታ ነበርና ጉዳዩ እልባት ሳያገኝ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። በ2004 መገባደጃ ላይ ሰውየው ከነቤተሰቡ የማዕረግ ልብስ ለብሶ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደና፣ ቤቱና የአትክልት ቦታው ከሞስማን መገንጠላቸውን የሚገልጽ ሰነድ ለከንቲባ አቀረበ። ግቢው «የዋይ ልዑላዊ ግዛት» ተባለ፤ እርሱም «ልዑል ፖል» ሆነ። ስሙ በአማርኛ ጆሮዬ ሲገባ ዋይታ ይሆንብኛል፤ አሥር ዓመት ደጅ ለጠና ሰው የሚገባ ስምም ይመስለኛል።

እንዲህ በራሳቸው ፈቃድ ራሳቸውን አገር ብለው የሰየሙ ግቢዎችን ፈረንጆቹ ማይክሮኔሽን ይሏቸዋል። በ1933 በሞንቴቪዴዮ የተፈረመው ስምምነት አንድ አገር አገር ለመባል ቋሚ ሕዝብ፣ የተወሰነ ግዛት፣ መንግሥት እና ከሌሎች አገሮች ጋር ግንኙነት የመመሥረት ችሎታ ሊኖረው እንደሚገባ ይደነግጋል። የሞስማኑ ግቢ አጥርም ቤተሰብም ልዑልም አለው፤ እንደ አገር የሚያነጋግረው ግን የለም። ከመነሻውም ከአውስትራሊያ ተገነጠልሁ አላለም፤ የተጣላው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ነውና የተለየውም ከማዘጋጃ ቤቱ ነው። ስለዚህ የከተማው ሰው ነገሩን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ማለፍ አልቻልሁም። መገንጠል የሚለው ቃል በተወለድሁበት አገር ማንንም ፈገግ አሰኝቶ አያውቅም።

የሁለቱን አገሮች ሕግ ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ግራ ይጋባል። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት በመግቢያው የአገሪቱን ፌዴሬሽን የማይፈርስ ኅብረት ይለዋል፤ የመውጫ በር አላበጀለትም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 39 እስከ መገንጠል የሚደርስ መብትን ከማወጅ አልፎ ሥርዓቱን ሳይቀር ይዘረዝራል፤ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥያቄውን ሲያጸድቅ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል ይላል። በወረቀት ከሄድን ለጋሶቹ እኛ ነን። በኑሮ ግን በሩን የዘጋው አገር አንድ ሠዓሊ ግቢውን ነጻ ግዛት ሲል ዝም ብሎ ያየዋል፤ በሩን የከፈተው አገር ቃሉ በተነሣ ቁጥር ይደነግጣል። ድንጋጤው መነሻ አለው። ሠዓሊው ስለ መኪና መግቢያ ባመለከተበት በዚያው በ1993 ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ተለየች፤ አምስት ዓመት ሳይቆይ በባድመ ምክንያት የተቀሰቀሰው ጦርነት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን በላ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እንዲህ ያለውን ያየ ሕዝብ ድንበር የሚሠምር እጅ ባየ ቁጥር ቢበረግግ አይፈረድበትም።

ለብዙ ጊዜ ሳሰላስል የኖርሁት ግን ስለ ልዑሉ ዘውድ አይደለም፤ ወረቀቱን ስለ ተቀበለው እጅ ነው። አንድ ዜጋ የመገንጠል ሰነድ ይዞ ወደ መንግሥት ቢሮ ገባ፣ ሰነዱን አስረከበ፣ በሰላም ወደ ቤቱ ተመለሰ። አገር ቤት አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ላከህ?» የሚል ይሆናል፤ «ምን በደልንህ?» የሚለው ምናልባት ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም ጨርሶ አይመጣም። በሞስማን የሰውየው በደል ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። የመኪና መግቢያ ነው። ጥያቄው ትንሽ መሆኑ ግልጽ ስለ ነበር መልሱም ትንሽ ሆኖ መቅረት ቻለ።

ሁለተኛው ልዩነት ከእግራችን ሥር ያለው መሬት ነው፤ እዚህ ላይ ራሴ ለዓመታት የያዝሁት አስተሳሰብ ስሕተት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በከተማ ቤት የሚሠራ ሰው መሬቱን በሊዝ ይይዛል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ፈቅዷል። የጭሰኛን ኑሮ የሚያስታውስ ሰው የ1967ቱን አዋጅ በቀላሉ አይረግመውም፤ እኔም አልረግመውም። ሆኖም ከአከራዩ ጋር የተጣላ ተከራይ ግቢዬን ነጻ ግዛት ብያለሁ ሊል እንደማይችል፣ ልዑል ለመሆን ቀድሞ ባለርስት መሆን እንደሚያስፈልግ፣ ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ እንደሚመነጭ አምን ነበር።

እምነቴን ያናጋው ካንቤራ ነው። የአውስትራሊያ ዋና ከተማ መሬት እንደ እኛው የመንግሥት ነው፤ ነዋሪው ለመኖሪያ ቤቱ የሚይዘው ሊዝም 99 ዓመት ነው። ቁጥሩ ሳይቀር አንድ ነው። ይሁን እንጂ በካንቤራ ከማውቃቸው ሰዎች መካከል ካርታዬ ነገ ይመክናል ብሎ የሚሰጋ አንድም አላጋጠመኝም። መሬቱን ያከራየው መንግሥት ቢበድለው ያንኑ መንግሥት የሚከስበት ችሎት አለ፤ ችሎቱም ለተከራዩ የሚፈርድበት ጊዜ አለ። እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያልን አድገናል፤ ንጉሡ ከወረደ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አባባሉ በየቢሮው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳገኘው ያሳዝነኛል።

ይህ ማለት ግን እዚህ ያለው መንግሥት ሁሉን ይታገሣል ማለት አይደለም። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ከፐርዝ ከተማ በስተሰሜን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሊዮናርድ ካስሊ የተባለ የስንዴ ገበሬ እንዲሸጥ የተፈቀደለት ኮታ ከምርቱ ጋር የማይመጣጠን ትንሽ ሆኖ ስላገኘው፣ በ1970 75 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን እርሻውን የሀት ሪቨር ግዛት ብሎ ነጻ አወጀ። ቴምብር አሳተመ፤ ገንዘብና ፓስፖርት አወጣ፤ ጎብኚ ተቀበለ። በ1977 በአውስትራሊያ ላይ ጦርነት አውጆ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማብቃቱን ገለጸ። ወታደር አልመጣበትም። የመጣበት የግብር ጥያቄ ነው፤ በ2017 ፍርድ ቤት ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ የግብር ዕዳ እንዲከፍል ፈረደበት። ገበሬው በ2019 ዐረፈ፤ በ2020 ልጁ ግዛቱ መፍረሱን አስታወቀ። ሃምሳ ዓመት የቆየው ሙግት አንድም ሰው ሳይሞትበት መዝገቡ ተዘጋ። ይህን ሳነብ ያደረብኝ ስሜት ቅናት ነው፤ ብደብቀው ሐሰት ይሆንብኛል።

ስለ ፓስፖርቶቹ ሳስብ ደግሞ ሌላ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በስዊድን አንድ ሠዓሊ፣ ላርስ ቪልክስ፣ በባሕር ዳር ከወዳደቀ እንጨት ባቆመው ሐውልት ምክንያት ከባለሥልጣኖች ጋር ሲከራከር ኖሮ በ1996 ቦታውን ላዶኒያ የሚባል አገር ነው ብሎ አወጀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የፓኪስታን ሰዎች እውነተኛ አገር መስሏቸው ዜግነት ለማግኘት አመለከቱ፤ ሊኖሩበት፣ ሊሠሩበት ፈለጉ። ቦታው ድንጋይና እንጨት ብቻ ነው፤ የሚኖርበት ሰው የለም። የውጭ አገር ቪዛ ለመጠየቅ ሌሊት ተነሥቶ የተሰለፈ ሰው እነዚያ አመልካቾች ምን ተስፋ አድርገው እንደ ጻፉ አይጠፋውም። ለአንዱ የሐሳብ መግለጫ የሆነው ወረቀት ለሌላው የመትረፊያ በር መስሎ ታየው።

እስከዚህ የጻፍሁትን ብቻ ብተወው አድናቆቴ ያታልለኝ ነበር። ልዑሉ የነገሠበት የሞስማን ምድር አስቀድሞ ቦሮጌጋል የተባሉት ነባር ሕዝቦች አገር ነው። በጃንዋሪ 1972 ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ማክማሆን መንግሥታቸው የአቦርጂናል ሕዝቦችን የመሬት ባለቤትነት እንደማይቀበል፣ በምትኩ የ50 ዓመት ሊዝ እንደሚሰጥ አስታወቁ። ከመግለጫው ቀጥሎ አራት ወጣቶች በካንቤራ ከፓርላማው ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ የባሕር ዳርቻ ጃንጥላ ተክለው «የአቦርጂናል ኤምባሲ» የሚል ጽሑፍ አቆሙ። በገዛ አገራችን ባዕድ ካደረጋችሁን እንደ ባዕድ ኤምባሲ ይኑረን ማለታቸው ነበር። በጃንጥላው ዙሪያ ድንኳኑ ሲበዛ፣ በጁላይ ወር መንግሥት ደንቡን ለውጦ በፖሊስ ኃይል አስነሣቸው፤ ብዙዎች ተደበደቡ፣ ታሰሩም። እነርሱ ግን እየተመለሱ ተከሉት፤ ከ1992 ወዲህ ድንኳኑ ከቦታው ሳይነሣ ኖሯል። በዚያው በ1992 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለአያቶቻቸው መሬት በተከራከሩት ነባር ተወላጆች፣ በኤዲ ማቦና በባልንጀሮቹ፣ ክስ ላይ ሲፈርድ፣ ምድሪቱ እንግሊዞች ሲመጡ ባለቤት አልነበራትም የሚለውን የሁለት መቶ ዓመት አቋም ውድቅ አደረገው።

እንግዲህ የማነጻጸሪያው ቦታ የልዑሉ አጥር ሳይሆን ይህ ሣር ነው። የሞስማኑ ሠዓሊ ያቀረበው ጥያቄ ቢፈቀድለትም ባይፈቀድለትም የአገሪቱን መሠረት አይነካም፤ ትዕግሥትም አያስከፍልም። የጃንጥላው ጥያቄ ግን እውነት ስለ ነበረበት አስፈራ፤ ስላስፈራም ዱላ መጣበት። በአገራችን በማንነት፣ በመሬትና በድንበር ስም የሚነሡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የጃንጥላው ወገን ናቸው፤ ከኋላቸው የተነቀለ ቤተሰብና የተቀማ ማሳ አለ። ስለዚህ «ፈረንጁ በጓሮው አገር መሥርቶ በሰላም ይኖራል፣ እኛ ግን እንጋደላለን» እያሉ ሕዝባችንን መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም። ልጠይቅ የሚገባኝ፣ ፖሊስ ካፈረሰው ድንኳን ተነሥቶ እስከ ማቦ ፍርድ ድረስ በነበሩት ሃያ ዓመታት ውስጥ ምን ተሠራ የሚለውን ነው። ተቃዋሚው ጃንጥላውን በጠመንጃ አልለወጠውም፤ ዳኛው በመንግሥት ላይ ሊፈርድ ደፈረ፤ መንግሥትም የተፈረደበትን ተቀበለ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አይቻለሁ ለማለት የምችልበት ዘመን በአገሬ ታሪክ ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ከሦስቱ አንዱን ግን፣ በትዕግሥት የጻፈውን ሰው፣ በቤቴ አውቀዋለሁ።

አባቴ ወደ ግቢው የሚያስገባው መተላለፊያ በአዲስ ግንባታ ተዘግቶበት ነበር። አመለከተ። «የሚመለከተው ክፍል አይቶት ይነገርዎታል» ተባለ፤ ክፍሉ ተቀየረ፤ ፋይሉ ጠፋ፤ እንደገና አመለከተ። ከሠዓሊው ጋር የዓመታቱ ብዛት ይቀራረባል። ካረፈ በኋላ የማመልከቻዎቹን ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ፤ 14 ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አለ፤ እያንዳንዱ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» በሚል ይደመደማል። በመጨረሻው ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ መተላለፊያውን ሥሎታል፤ ከበሩ እስከ መንገዱ መስመር አስምሮ ከጎኑ «ስፋት 3 ሜትር» ብሎ ጽፏል።