ይድረስ ለክቡር ፓሽነት

ለክቡር ፓሽነት
የእንግሊዝኛ ቅጽል (passionate፣ «ብርቱ ፍቅርና ጉጉት ያለው»)
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከሥራ ማመልከቻዎቻችን ላይ እንዲነሡልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ስምዎ አጠራር ይቅርታ እንጠይቃለን። አብዛኛው አመልካች ጫፍዎን ረገጥ አድርጎ «ፓሽኔይት» ይልዎታል። ትክክለኛው ግን ላላ ያለ «ነት» ነው፤ ደግነት፣ ቸርነት፣ ፓሽነት። እንዲህ ቤተኛ የሆኑብንም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አጻጻፍዎም እንዲሁ መከራ አይቷል፦ «ሽ» የሚለውን ድምፅ በሁለት ኤስ እና በአይ መጻፍ ሲገባ፣ እንደ «ኔሽን» በቲ የሚጽፈው ብዙ ነው። ፍቅሩ የነደደ ሰው የወዳጁን ስም አስተካክሎ ቢጽፍ ምን ነበረበት!

ወደ ጉዳያችን እንግባ። ክፍት የሥራ ቦታ በወጣ ቁጥር ከመመዘኛው በፊት እርስዎ በር ላይ ቆመዋል። ማስታወቂያው «ፓሽነት የሆነ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚችል የሒሳብ ሠራተኛ» ይላል። አመልካቹም ምን ይላል፣ «አይ አም ሃይሊ ፓሽነት ኤንድ ሰልፍ ሞቲቬትድ» ብሎ ይመልሳል። እውነት ለመናገር የቫት ሪፖርት የሚሠራ ሰው ልቡ የሚመታው የማሳወቂያ ቀኑ ሲያልፍበት ነው። በአማርኛ ስናመለክት «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ» ብለን፣ ትምህርታችንን፣ ልምዳችንንና ስልካችንን ጽፈን «ከሰላምታ ጋር» ብለን እንፈርማለን። ለደመወዝ ሰነድ አንጀቴ ተላወሰ ያለ አመልካች የለም። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን መጀመሪያው መስመር ላይ ይነድዳል።

ክቡርነትዎ ከትልቅ ቤት እንደመጡ እናውቃለን። አባትዎ «ፓሽን» ከላቲን ሲነሡ ትርጉማቸው ሥቃይ፣ መከራ መቀበል ነበር። እንግሊዞች የክርስቶስን ሕማማት እስከ ዛሬ የሚጠሩት በአባትዎ ስም ነው። በጁስ ቤቶቻችን የሚጨመቀው ፓሽን ፍሩትም ስሙን ያገኘው፣ በደቡብ አሜሪካ የነበሩ ሚስዮናውያን አበባውን አይተው የእሾህ አክሊሉና ችንካሩ ስለታያቸው ነው። ዘመን ሲቆይ መከራው ወደ ብርቱ ስሜት፣ ብርቱ ስሜቱ ወደ ፍቅር፣ ፍቅሩም ወደ «ለሥራ መጓጓት» ወረደ። እኛ በሰሙነ ሕማማት ለሰላምታ እንኳ አንሳሳምም፤ እርስዎ ደግሞ ከዚያው ሥር በቅለው ዛሬ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ከ«ኪስ» ፊት እየገቡ ነው የሚኖሩት።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከስም ፊት ብቻዎን ሲቆሙ የፍቅርና የቁጣ ሽታ አለብዎት፦ ፓሽነት መሳሳም፣ ፓሽነት ክርክር፣ ፓሽነት ንግግር። ለሥራ ያለን ጉጉት ለመግለጽ ከፈለጉ «አባውት» ያስፈልግዎታል። ሰዉ ግን «ኢን» ይልዎታል፣ «ኦን» ይልዎታል። «ፎር»ን የሚያመጣው ከአባትዎ ጋር ስለሚያምታታዎት ነው፤ ስሙ፣ «ፓሽን»፣ «ፎር» ይከተለዋል፣ ቅጽሉ «አባውት»። ከ«አባውት» በኋላ ደግሞ ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይጨመርበታል፤ ስለዚህ «አባውት ቲች» ሳይሆን «አባውት ቲቺንግ»። «ኮም» የምትል ቅጥያ ከፊትዎ ከገባች ደግሞ ርኅሩኅ ይሆናሉ። በዚህ ስሕተት «ለሽያጭ ሥራ ርኅሩኅ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ይወለዳል፤ ዕዳ ሰብሳቢ ለሚፈልግ ድርጅት ይህ ክፉ ዜና ነው።

ዘመዶችዎንስ ለምን ጋረዷቸው? «ኢንተረስትድ» ለብ ያለ ነው፣ «ኢን» ይከተለዋል፤ ማንንም አይዋሽም። «ኬን» (keen) ከእርሱ ሞቅ ይላል፣ እንግሊዞች ይወዱታል፤ ከስም ጋር «ኦን»፣ ከግስ ጋር «ቱ» ይይዛል። «ኢንቱዚያስቲክ» እንደ እርስዎ «አባውት» ይላል፤ ከግሪክኛው ሲመጣ «አምላክ ያደረበት» ማለት ስለነበር በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሃይማኖቱ ልክ ላጣበት ሰው ስድብ ሆኖ አገልግሏል። «ዲቮትድ» ሥሩ ስለት ነው። እርሱና «ኮሚትድ» የሚይዙት «ቱ» አታላይ ነው፦ ግስ ሲከተል «ኢንግ» ይፈልጋል፣ ይህን የሚስተው ማመልከቻ ለቁጥር ያስቸግራል። ከእርስዎ አልፎ የሚሄደው «ኦብሰስድ» ነው፣ «ዊዝ» ይከተለዋል፤ እርሱን ሲቪ ላይ የሚጽፍ ሰው ግን ሐኪም ቢያይ ይሻላል።

ስለዚህ የምንወስደውን እርምጃ ከወዲሁ እናሳውቅዎታለን። ማመልከቻው ላይ እርስዎን ፈልገን እንሰርዝዎታለን፤ ዓረፍተ ነገሩ ካልጎደለበት ደባል ነበሩ ማለት ነው። በቦታዎ ግስ፣ ቁጥርና ጊዜ እናስገባለን። «ለሒሳብ ሥራ ፓሽነት ነኝ» የሚለው «ለ2 ዓመት የ6 ቅርንጫፎችን የባንክ ሒሳብ በየወሩ አስታርቄያለሁ» ይሆናል። ጀማሪ ከሆነና ቁጥር ከሌለው የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ወይም የተለማመደበትን ሥራ ይጻፍ፤ እርሱም ካነሰው «ኬን ቱ ለርን» ይበል፤ ልኩ ነው፣ አያሳፍርም። «ሃይሊ»፣ «ትሩሊ»፣ «ኤክስትሪምሊ» የተባሉት አጃቢዎችዎም አብረው ይውጡ፤ በቁመናዎ ብርቱ ስለሆኑ ድጋፍ አያሻዎትም።

ጨርሰው ይሂዱ አላልንም። የድጋፍ ደብዳቤ ላይ አለቃው ስለ ሠራተኛው ሲጽፍ ቢገቡ ደስ ይለናል፤ እዚያ ምስክር ነዎት፣ ማመልከቻው ላይ ግን ለራሱ የሚመሰክር ተከራካሪ ያደርጉናል። የቃለ መጠይቁ ዕለትም «ለምን ይህን ሥራ ወደዱት?» ሲባል አመልካቹን ጥለውት ስለሚጠፉ፣ ከመነሻው አብረውት ባይገቡ እንመርጣለን።

ከሰላምታ ጋር
የማመልከቻ አንባቢዎች

ግልባጭ፦
ለኬን
ለኢንተረስትድ (ወደ ሥራ እንዲመለሱ)
ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ ማስታወቂያውን ለሚጽፈው ክፍል
ለሰልፍ ሞቲቬትድ (ተራዎን ይጠብቁ)