አለቃ ስሆን ኮሚሽኔ ቀነሰ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ስምንት ዓመት የኔትወርክ ዕቃ ሸጥኩ። ሻጭ ስላችሁ ባለ ሱቅ እንዳይመስላችሁ። ዋጋ የሚከራከረው ሌላ ሰው ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የደንበኛው ኢንጂነር ለሚጠይቀው መልስ እሰጣለሁ፣ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ በዴሞ አሳያለሁ፣ ዕቃችን ኮምፒውተሮቻቸው ከተደረደሩበት የአሽበርን ዳታ ሴንተር ጋር ይስማማ እንደሆነ እፈትሻለሁ። አዲስ አበባም ሥራዬ ይኸው ነበር፤ እዚያ ግን ቀኔን የሚበላው የጨረታ ሰነድ ነበር። ፕሮፎርማ፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ በየገጹ ማህተም። ካሸነፍን በኋላ ደግሞ የዶላር ወረፋ።

አምና ስድስት ሰው ሰጥተው ማናጀር አደረጉኝ። እናቴ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ቢሮ ሰጡህ?" ብላ ነው። ምን ቢሮ! የምሠራው ከቤቴ ምድር ቤት ነው። ጸሐፊ የለ፣ ሾፌር የለ፣ ማህተም የለ። ጭራሽ ኮሚሽኔ ቀነሰ ብላት ታለቅስ ነበር።

የአዲስ አበባው አለቃዬ ዋና ሥራው መፈረም ነበር። ወረቀታችንን ይዘን በሩ ላይ እንሰለፋለን። እዚህ የእኔ ሥራ መስማት ሆነ። በየሳምንቱ ከእያንዳንዳቸው ጋር ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ለካ መስማት ያደክማል!

በሁለተኛው ወር ላይ አንዷ ልጅ ዴሞ እያሳየች ደንበኛው ጠበቅ ያለ ጥያቄ ጠየቃት፤ አንዱ መስመር ሲቋረጥ ሌላው በስንት ሰከንድ ይረከባል የሚል። ትንሽ ዝም አለች። እኔ ሆዬ ማይኬን ከፍቼ ዘው አልኩ፣ ስክሪኑን ተቀበልኳትና ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዳሁ። ደንበኛው ተደሰተ። እኔም "አልዛግኩም" ብዬ ኮራሁ። በማግስቱ በግማሽ ሰዓታችን በስሜ ጠርታ "ትናንት ያደረግከው ልክ አይደለም። መልሱን እያሰብኩ ነበር። ከእንግዲህ ደንበኛው ለአንተ እንጂ ለእኔ አይደውልም" አለችኝ። ጆሮዬ ጋለ። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ እኮ ናት! ሳምንት ሳይሞላ ደንበኛው እሷን አልፎ በቀጥታ ለእኔ ኢሜይል ላከ።

አዲስ አበባ ቢሆን ይህን ፊት ለፊት የሚነግረኝ የለም። "እርስዎ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር" ይሉኝና ቡና ላይ ያሙኛል። እኔም አለቃዬን የማደርገው እንደዚያው ነበር።

ግን ሁሉ ነገር እዚህ ይሻላል የምትሉም ቆዩኝ። በቀደም ከቡድኔ የአንዱ አባት አረፉ። ከሰው ኃይል ክፍሉ፣ ከኤች አር፣ የመጣው ኢሜይል ሦስት ቀን ፈቃድና የአበባ ማዘዣ ሊንክ ነበር። እሱም የኩባንያው ቸርነት ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሐዘን ፈቃድ ስጡ ብሎ አያስገድድም። አገር ቤት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ተጽፏል፤ ግን ለቅሶ ቤት አዋጅ ማን ያነባል? ቢሮው በሙሉ መኪና ሞልቶ ይሄዳል። ያ በር ላይ የሚያሰልፈን አለቃዬ፣ የኔ አባት ሲሞት ድንኳን ውስጥ እስኪመሽ ተቀምጦ ነበር።

እኔም ባለቤቴ የሠራችውን ምስር ወጥ በድስት ይዤ ማናሳስ ድረስ ነዳሁ። ልጁ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

"የትኛው ደንበኛ ነው የተበላሸበት?" አለኝ።